የሪዘርቭ ፖሊስ ማመልከቻ፦ አሥራ አንድ ወር የፈጀብኝ መንገድ፣ ለሐበሻ አመልካች የሚከብደው የትኛው እንደሆነ

ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ባለች አንድ ከተማ ሪዘርቭ ፖሊስ ለመሆን አመልክቼ ከመጀመሪያው የገለጻ ቀን እስከ መቀበያው ደብዳቤ ድረስ አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ። የከተማዋን ስም አልጽፍም። ምስጋናም ቅሬታም አለኝ፣ ሰዎቹም አሁን አብረውኝ የሚሠሩ ናቸው። ለመመዘኛው ከአምስት ኮከብ አምስት እሰጣለሁ። ለአገልግሎቱ፣ ማለትም ነገሩን ለአመልካች ለሚያስረዱበትና መልስ ለሚሰጡበት መንገድ፣ ሦስት። ሁለቱን ለምን እንደለየሁ ከታች ታዩታላችሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ በ2008 በፈረንጅ አቆጣጠር በዲቪ መጣሁ፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ድንገተኛ ክፍል የማታ ሺፍት እሠራለሁ። ስለ ፖሊስ ሥራ ማሰብ የጀመርኩት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከ2002 ጀምሮ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው ሰፈር ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንጀራ ልገዛ ጎራ ስል፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት እናት ነጠላቸውን ጨብጠው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ቦርሳቸውን ነጥቀዋቸዋል። ፖሊሱ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያናግራቸው። እሳቸው ግን «ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አልሆንኩም» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ምን ወሰዱብዎ?» ስላቸው የልብ መድኃኒታቸው ቦርሳው ውስጥ እንደነበር ነገሩኝ። ሌባው የገባበትን መንገድ፣ የኮፍያውን ቀለም፣ አብሮት የነበረውን ልጅ፣ ሁሉንም አይተዋል። ለፖሊሱ ለምን እንዳልነገሩት ስጠይቃቸው ቀስ ብለው «ለፖሊስ ይነገራል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ያ ቃል ከእኔ ጋር ቤት ገባ።

ለማያውቅ ሰው፣ ሪዘርቭ ፖሊስ ሌላ ሥራ ያለው ሰው ሠልጥኖና ምሎ፣ በወር የተወሰነ ሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ የሚያገለግልበት ነው። እኔ ያመለከትኩበት ቦታ ደመወዝ የለውም። ሎስ አንጀለስ ከተማ ከ1947 ጀምሮ ሪዘርቭ ፖሊሶች አሏት፤ በዙሪያዋ ያሉ ብዙ ትንንሽ ከተሞችም አሏቸው። የካሊፎርኒያ ሕግ ሦስት ደረጃ አስቀምጧል። ሦስተኛው ዝቅተኛው ነው፦ በዓልና ሰልፍ ላይ መንገድ ማስከበር፣ ሪፖርት መጻፍ፣ ማስረጃ ማጓጓዝ፣ የመሳሰለው አደጋው ያነሰ ሥራ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለው ከሙሉ ፖሊስ ጎን ሆኖ አጠቃላይ የፖሊስ ሥራ ይሠራል፣ ብቻውን ግን አይወጣም። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ የደረሰ ሥልጠናውንና የመስክ ልምምዱን ሲጨርስ ብቻውን መውጣት ይችላል፤ ትምህርቱም ከመደበኛ ፖሊስ ጋር እኩል ነው፣ ቢያንስ 664 ሰዓት። እኔ የጀመርኩት ከሦስተኛው ነው።

መመዘኛው በወረቀት ላይ ሲታይ አጭር ነው። አሻራ ትሰጣላችሁ፤ አሻራው በካሊፎርኒያ የፍትሕ መምሪያና በኤፍቢአይ ይጣራል። በፌሎኒ (በከባድ ወንጀል) የተፈረደበት ሰው አይገባም፤ ፍርዱ በሌላ አገር የተሰጠ ቢሆንም፣ ጥፋቱ እዚህ ፌሎኒ የሚባል ከሆነ ያው ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው ደግሞ ፍርዱ ቀላል በሚባለው ደረጃ ቢሆንም እንኳ ከ1996 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይችልም፣ መሣሪያ የማይዝ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። «ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል» ፍርድ ቤት የጻፈውን አይፍቅም። ያመለከትኩበት ቢሮ ዕድሜ 21 የሞላ ይጠይቃል፣ መንጃ ፈቃድም እንዲሁ። የአካልና የአእምሮ ጤና ምርመራ አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሕጉ «መልካም ጠባይ» የሚለው አለ። ይህን የሚያረጋግጡት የኋላ ታሪካችሁን አንድ በአንድ በማጥራት ነው። ከአሥራ አንዱ ወር ስድስቱን የበላብኝ እሱ ነው።

የትምህርቱን ጉዳይ ግን ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው አላገኘሁም። ሕጉ የሚፈልገው እዚህ አገር እውቅና ካለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መመረቅን፣ ወይም ጂኢዲን (ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰ ሰው በምትኩ የሚወስደውን ፈተና)፣ ወይም እውቅና ካለው ኮሌጅ ያገኙትን የሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ዲግሪ ነው። እኔ የደሴውን የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቴን አስተርጉሜ፣ ገንዘብ ከፍዬ አስገምግሜ፣ በፋይል አድርጌ ይዤ ሄድኩ። ጸሐፊዋ አየችውና ወደ ጎን አደረገችው። ያለፍኩት እዚህ በተማርኩት የሁለት ዓመት የነርስነት ዲግሪ ነው። አገር ቤት 12ኛን ጨርሳችሁ እዚህ ኮሌጅ ያልገባችሁ ካላችሁ፣ ከማመልከታችሁ በፊት ጂኢዲውን አስቡበት። ተፈትናችሁ፣ ሮጣችሁ፣ ወራት ጠብቃችሁ በዚህ ብትመለሱ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ቅጹ ልምጣ። የሚያወጣው የካሊፎርኒያ የፖሊስ መመዘኛና ሥልጠና ኮሚሽን ነው፣ ሁሉም በአጭሩ ፖስት ይለዋል። የግል ታሪክ መግለጫ ነው፣ ረጅም ነው። ያለፉት አሥር ዓመታት የኖራችሁባቸው ቤቶች፣ አብረዋችሁ የኖሩ ሰዎች፣ የሠራችሁባቸው ቦታዎች፣ አለቆቻችሁ፣ ለምን እንደለቀቃችሁ፣ የወላጅና የወንድም እኅት አድራሻ፣ ዕዳ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ ዕፅ፣ ሁሉም አለበት። እኔ በ2015 አንዲት ጓደኛዬ ሶፋ ላይ ስድስት ሳምንት ተኝቻለሁ፤ እሱም አድራሻ ነው። በ2016 ሰባት ሳምንት አረጋውያንን ቤታቸው ሄጄ ተንከባክቤ የተውኩት ሥራ ነበር፣ ረስቼው አልጻፍኩትም። የኋላ ታሪኬን የሚያጣራው መርማሪ ከግብር ወረቀቴ ላይ አገኘው። ጠርቶኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ አዙሮ አስቀመጠና ዝም ብሎ ያየኛል። ፊቴ ጋለ። «ረስቼው ነው» አልኩ። «የረሳ ሰው ይጨምራል፣ የደበቀ ሰው ይከራከራል» ብሎ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቴ ገብቼ የግብር ወረቀቶቼን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ዓመት በዓመት እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ቅጹን እንደ አዲስ ሞላሁት። ከዚያ ብጀምር ኖሮ አንድ ወር ባተረፍኩ።

ለእኛ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ቅጹ የተሠራው ስማችን፣ ቀናችንና ቤታችን እንደነሱ እንደሆነ ታስቦ ነው። እኔ የተወለድኩት ጥቅምት 12 ቀን 1978 ነው፤ ፓስፖርቴና የዜግነት ወረቀቴ ላይ ኦክቶበር 22 ቀን 1985 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን እኔ በቅንነት የክርስትና ካርዴንም የትምህርት ቤት ወረቀቴንም ከትርጉሙ ጋር አስገብቼ ነበር፣ ተርጓሚው ደግሞ ቀኑን ሳይቀይር እንዳለ ገልብጦታል። መርማሪው በአንድ ፋይል ውስጥ ሰባት ዓመት የሚለያይ ሁለት የልደት ቀን አገኘ። ይኼ ያለ ተጨማሪ ደብዳቤ አይታለፍም፣ እሱም ትክክል ነው። አንድ ገጽ ጻፍኩለት፦ አዲሱ ዓመታችን መስከረም ላይ እንደሚገባ፣ ከእነሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንደምንዘገይ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለን። ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። የምታስተረጉሙ ካላችሁ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ተርጓሚው ከቀኑ ጎን እንዲጽፍ አስገድዱት።

ስምም እንዲሁ። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ባሌ፣ ልጆቼ፣ የሁላችንም የመጨረሻ ስም ይለያያል። የመርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከዚህ በፊት አግብተሽ ነበር?» የሚል ነበር። ልጅ የአባቷን ስም እንደምትይዝ፣ ሚስት በባሏ ስም እንደማትጠራ አስረዳሁት። የእናቴ አድራሻ ላይ ደግሞ የቤት ቁጥርና ቀበሌ እንጂ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ኮምፒውተሩ ዚፕ ኮድ ካልሞላሁ አላሳልፍም አለ። አምስት ዜሮ ጽፌ በማብራሪያው ቦታ ላይ «ደሴ ውስጥ ዚፕ ኮድ የለም፤ በዚህ ስልክ ይገኛሉ» አልኩ። ለዚህ የሚሆን አንድ መስመር መመሪያ ቢሮው ቢያዘጋጅ ምን ነበረበት? ይህ ካውንቲ ከዓለም ዳር የመጣ ሰው የሚኖርበት ነው።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ዕቁቡ ነው። ሃያ ሰው ነን፣ በወር አንድ አንድ ሺሕ ዶላር እንጥላለን። በ2022 ዕጣው ለእኔ ሲወጣ ብሩ በስልክ ነው የተላከልኝ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከአሥራ ዘጠኝ የተለያየ ሰው ልክ አንድ ሺሕ፣ አንድ ሺሕ፣ አንድ ሺሕ። መርማሪው የባንክ ወረቀቴን ጠይቆኝ ሰጥቼው ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሳየው አሥራ ዘጠኙንም በቀይ ከብቦታል። ሰውየው ጡረታ የወጣ የወንጀል መርማሪ ነው፣ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያይ የኖረ። እጄ ላብ አጠመቀው። ባዶ ወረቀት ለምኜው ሃያ ክብ ሣልኩ፣ አንዱን «እኔ» አልኩት፣ ከሁሉም ወደ አንዱ ቀስት አወጣሁ። «በሚቀጥለው ወር ቀስቱ ሁሉ ወደዚህኛው ይዞራል» አልኩት። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ «ወስዶ ቢጠፋስ?» አለኝ። «ዋስ አለው፤ ዳኛም አለን፤ ደግሞስ ጠፍቶ የት ይሄዳል? ለቅሶ ላይ እንገናኛለን።» እሱ ሲስቅ እኔም ተነፈስኩ። የዕቁቡን ዳኛ ስልክ ሰጠሁት፣ የመዋጮውን መዝገብ በፎቶ ላኩለት፣ ያ ጉዳይ በሳምንት ውስጥ ተዘጋ። ዕቁብ የምትጥሉ ሁሉ ይህን አንብባችሁ አትፍሩ፤ ሳትጠየቁ ግን ቀድማችሁ ጻፉት፣ መዝገቡንም አያይዙ።

ጫትን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፣ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቆኛልና። ደሴ ጤና ኮሌጅ ሳለሁ፣ ፈተና ሲደርስ ከጓደኞቼ ጋር አራት አምስት ጊዜ ቅሜያለሁ። አገራችን ውስጥ ወንጀል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ አንደኛ መደብ ከሚባሉት የተከለከሉ ዕፆች ነው፣ ቅጹም የሚጠይቀው በሕይወታችሁ ሙሉ የወሰዳችሁትን ነው። ሁለት ሌሊት ካሰብኩ በኋላ ዓመቱንም ቦታውንም ጻፍኩት። የጠየቀኝ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የት፣ ስንት ጊዜ፣ የመጨረሻው መቼ። እዚህ መጥቼ ቅሜ እንደማላውቅ ነገርኩት፣ እውነት ነው። የእናንተን ጉዳይ እንዴት እንደሚያዩት ልምልላችሁ አልችልም። እኔን ያልጎዳኝ ግን መጻፌ ነው፤ በኋላ በውሸት መመርመሪያው ማሽን ላይ ያው ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ከወረቀቴ ጋር አንድ ነበር።

ከዚያ ጎረቤት መጠየቅ አለ። መርማሪው የምትኖሩበት ሕንፃ ድረስ ይመጣል። እኔ ይህን አውቄ ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገርኩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእኛ በር ፊት ለፊት የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያሳድጉ የመጡ። ሰውየው መለያውን ቀበቶው ላይ አድርጎ ያንኳኳል፤ ስሜን ይጠራል፤ እሳቸው «አላውቃትም» ብለው በሩን ይዘጋሉ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ የት ነሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ እማማ፤ ደህና ነዎት?»

«ዛሬ ቤትሽ እንዳትመጪ። ፖሊስ ስለ አንቺ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። አይዞሽ፣ አንድ ቃል አልወጣኝም።»

የስድስት ዓመት ጎረቤቴ ናቸው። ደማቸውን የምለካቸው እኔ ነኝ፣ ፋሲካ ሲመጣ ዶሮውን አብረን ነው የምንሠራው። ለመርማሪው ግን ፊት ለፊቷ ያለች ጎረቤት የማታውቃት አመልካች ሆንኩ። ሲነጋ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ፤ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስኒውን እንደያዙ ዝም አሉ። ከዚያ በ1970፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ወንድማቸው ከቤት የተወሰደበትን ሌሊት ነገሩኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። በር ሲንኳኳ ያሉት «አላውቀውም» ነበር፤ ወንድማቸውን ለማትረፍ። እናቴም እንዲህ ያለ ታሪክ አላት። የኔ ዘመን ሰዎች እናቶቻችን ስንቱን በልባቸው እንደያዙ የምናውቅ ይመስለናል፣ አናውቅም። እማማ ሲጨርሱ «ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?» ብለው ተቆጡኝ። ሰውየው በሌላ ቀን ሲመጣ የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመች አርባ ደቂቃ ይዘውት ቆይተዋል፤ እንጀራም አብልተውታል። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት በሕንፃችሁ ያለውን፣ የዕቁብና የማኅበር ሰዉን፣ አክስት አጎቱን ሁሉ «ሰው መጥቶ ይጠይቃችኋል፤ የምታውቁትን እንዳለ ንገሩ» በሏቸው። ይህን ከማንኛውም ወረቀት አስቀድሙት።

የጽሑፍ ፈተናው ከፈራሁት ቀለለኝ። የፖስት ፈተና ነው፦ ፊደል፣ የቃል ትርጉም፣ አንብቦ መረዳት፣ ከዚያ አንድ ጽሑፍ ይሰጣችሁና በየሰባት ቃሉ አንዱ ይጎድላል፤ የጎደለው ቃል ስንት ፊደል እንዳለው በሰረዝ ቁጥር ይታያል። እኛን የሚጥለን ይኼኛው ነው። የሚጎድሉት ትልልቅ ቃላት ብቻ አይደሉም፣ በአማርኛ የሌሉን እነዚያ ትንንሾቹ ናቸው፤ አንድ ፊደል ብቻ የሆነው ቦታ ላይ እጄን ያዘኝ። ውጤቱ አማካዩ 50 እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚሰላው፣ እኔ 49 አመጣሁ፣ አለፍኩ። ሦስት ወር ሙሉ የልጄን የትምህርት ቤት መጽሐፍ በየሰባት ቃሉ በእርሳስ እየሸፈንኩ ነው የተለማመድኩት። ልጄ ነበረች የምታርመኝ።

የአካል ፈተናው አምስት ነው። መሰናክል ያለበት 99 ያርድ ሩጫ፤ 165 ፓውንድ የሚመዝን አሻንጉሊት ሰው 32 ጫማ መጎተት፤ ስድስት ጫማ የሽቦ አጥር መዝለል፤ ስድስት ጫማ ድፍን ግድግዳ መውጣት፤ በመጨረሻ 500 ያርድ ሩጫ። ሩጫውን እንደ ወሎ ልጅ አልፈራሁትም። መጎተቱንም ሥራዬ አስተምሮኛል፣ በየሌሊቱ በሽተኛ አነሣለሁ፤ ከብብት ሥር ገብቼ፣ ደረቴ ላይ አስጠግቼ፣ ወደ ኋላ መራመድ ነው። ግድግዳው ግን ገደለኝ። እኔ ከእሱ ሃያ ሳንቲ ሜትር አጥራለሁ። ዐቢይ ጾም ላይ ነበር ልምምዱ፣ ሽሮ በልቼ ባልድዊን ሂልስ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ ከርሜ፣ ግድግዳው ጋ ስደርስ በክንዴ ተንጠልጥዬ እቀራለሁ። የምታለማምደን ሴት ትንሽ ነች፣ ከእኔም ታጥራለች። ጠጋ ብላ «በክንድሽ አትውጪ» አለችኝ። እየሮጥሽ ትመጫለሽ፣ አንድ እግርሽን ወገብሽ ከፍታ ላይ ግድግዳውን ትረግጪበታለሽ፣ ያ እርግጫ ነው ወደ ላይ የሚሰድሽ፣ እጅሽ ጫፉን ሲይዝ ብብትሽን ታሳልፊና ደረትሽን ታጋድሚያለሽ። አሥራ አንድ ጊዜ ወደቅሁ። በአሥራ ሁለተኛው ሆዴ ግድግዳው ጫፍ ላይ ነበር፣ ጉልበቴ ተልጦ ደም እየወረደ። ሴቶች፣ በተለይ አጠር የምትሉ፣ የክንድ ጉልበት አይደለም፤ እግር ነው።

ይህን ሁሉ ካለፋችሁ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ የመቀበያ ደብዳቤ ይመጣል፣ የሕክምናውና የሥነ ልቦናው ምርመራ ከዚያ በኋላ ነው። ሥነ ልቦናው በመቶ የሚቆጠሩ ጥያቄዎች ያሉበት የጽሑፍ ፈተናና ከባለሙያ ጋር ረጅም ቃለ መጠይቅ አለው። በ2020 የወጣ ሕግ ደግሞ አመልካቹ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነትና በመሳሰሉት በሰው ላይ ጥላቻ እንዳለው ወይም እንደሌለው እንዲመረመር ያዝዛል። ባለሙያዋ ይህን ስትጠይቀኝ አገር ቤት ስላለው ነገር፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ብሔር ነበር የመለስኩላት። የትኛው ብሔር ሰው ቢደውልልኝ ቀድሜ እንደምደርስ በልቤ ጠይቄ የማውቀው ያን ቀን ነው። ለዚህ ብቻ ለመመዘኛው አምስት ኮከብ ይገባዋል።

ቅሬታዬን ለመጨረሻ ያቆየሁት እንዳያስፈራችሁ ብዬ ነው። በገለጻው ቀን ወንድሜ አብሮኝ ነበር። ግሪን ካርድ ነው ያለው። የታደለን ወረቀት «አመልካች የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት» ይላል። ወንድሜ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ ብሎኝ ወጣ። ያ ወረቀት ያረጀ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ የዜግነትን ግዴታ አንሥቶ፣ በፌዴራል ሕግ አሜሪካ ውስጥ የመሥራት ፈቃድ መኖሩን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ገለጻው የተደረገው ሕጉ ከጸና ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኔም ያወቅሁት ወራት ቆይቼ፣ የቢሮውን ሳይሆን የሕጉን ጽሑፍ ራሴ ሳነብ ነው። ኢሜይል ላክሁ፣ መልስ የለም። ደገምኩ፣ የለም። ሦስተኛውን ለሪዘርቭ አስተባባሪው ሳጅን በስሙ ጽፌ በእጄ ሰጠሁት። በሳምንቱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ወረቀቱም ተቀየረ። ሰውየውን አከብረዋለሁ። ግን ስንቱ ሰው ያን ወረቀት አጥፎ ወጣ? የምርመራውም ነገር እንዲሁ፣ ፋይሌ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ አጥቼ ዐሥር ሳምንት ያለ አንድ ቃል ጠብቄያለሁ። ደመወዝ ሳይከፈለው ሊያገለግል የመጣን ሰው እንዲህ አያቆዩትም።

ሥልጠናዬን ጀምሬያለሁ፣ ሁለት ምሽትና ቅዳሜ፣ በአንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ። እማማ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ቋጥረው በር ላይ ይሰጡኛል፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን «ለዚያ ሰውዬም» እያሉ፣ መርማሪውን ማለታቸው ነው። ወንድሜ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ቅጹን ከፍቷል። የግብር ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በ2017 የሠራበትን የመኪና ማቆሚያ አለቃ ስልክ እየፈለገ ነው።